ለሠርጉ የተተከለው እንሰት

አንድ እንሰት አብቃይ ነበር፤ ላንቻሞ ይባላል። ከአባቱ የወረሰው ነገር አልነበረም። በወጣትነቱ ጎረቤት የጣለውን ችግኝ ለቅሞ ተከለ፤ ከዚያ አራባ፤ በመጨረሻ ቤቱን እንደ ደን የከበበ ማሳ አቆመ። ጠዋት ዞሮ ይቆጥራል፣ ማታም ዞሮ ይቆጥራል። ሰዎች ይስቁበት ነበር እንጂ መቁጠር ክፉ ነገር አይደለም። የማይቆጥር ሰው ሌባ ገብቶ ቢወጣም አያውቅም። የላንቻሞ ችግር ሌላ ነበር፤ የሚያምነው የቆጠረውን ብቻ ነው።

በየዓመቱ በምስጋና እሁድ ምእመናን በጸሎት ቤቱ እየተነሡ እግዚአብሔር ያደረገላቸውን ይመሰክራሉ። ላንቻሞም ተራው ሲደርስ ይነሣና «ጌታ ሆይ፣ ይህን ያህል እንሰት፣ ይህን ያህል ላም፣ አንድ ወንድ ልጅም ሰጥተኸኛል። ስለዚህ አመሰግንሃለሁ» ይላል።

ጎረቤቱ ኤርጫፎ ከኋላ ወንበር «ዶሮዎቹን ረሳህ!» ይለዋል።

ሰው ሁሉ ይስቃል። ላንቻሞ ግን በቁም ነገር «ዶሮዎቹንም» ብሎ ጨምሮ ይቀመጣል።

ያ አንድ ልጁ ማቴዎስ ነበር። ሚስት ስትታጭለት ከአባቱ ማሳ አንድ ያማረ እንሰት መርጦ በበሩ አጠገብ ተከለው። «ይህ ለሠርጌ የሚቆረጥ ነው። እስከዚያ ቢላ እንዳይነካው» አለ። በዚያ አገር የእንሰት ቅጠል ለመጠቅለያም፣ ለምንጣፍም፣ ለከብትም ስለሚቆረጥ፣ አላፊ አግዳሚው እንዳይመለምልበት ዙሪያውን አጠረው።

ሠርጉ ሳይደርስ ክረምት ገባ። ማቴዎስ ከገበያ ሲመለስ ወንዙ ሞልቶ ጠበቀው። እሻገራለሁ ብሎ ገባ፤ በሕይወት አልወጣም።

ላንቻሞ ልጁን ከቀበረ በኋላ ጸሎት ቤት መሄዱን አልተወም። ምስክርነት ሲጠየቅ ግን አይነሣም። ሚስቱ ባዩሽ «አንድ ቃል እንኳ ብትል ምን አለበት?» ስትለው፣ «ዋናው ጎድሎ ሌላውን ብቆጥር በእግዚአብሔር ማሾፍ ይሆንብኛል» ይላታል።

እሱ እንዲህ እንዳለ አጠውልግ የሚሉት የእንሰት በሽታ አገሩን መታው። ይህ በሽታ ከተክል ወደ ተክል የሚሄደው በቢላ ነው። የታመመውን የቆረጠ ቢላ በእሳት ሳያልፍ ጤነኛውን ከነካ፣ ጤነኛውም ይታመማል። የመንደሩ ሰው ይህን የተረዳው ዘግይቶ ነው። የላንቻሞ ማሳ ቢጫ ለበሰ፤ ቅጠሉ እየታጠፈ ወደቀ። የታመመውን እየነቀለ በጥልቅ ጉድጓድ ቀበረው። የኤርጫፎ ማሳም፣ የሌላውም እንዲሁ ሆነ። በመጨረሻ በመንደሩ ጤነኛ ሆኖ የቀረው አንድ እንሰት ብቻ ነበር፤ ቢላ ነክቶት የማያውቀው፣ በበሩ አጠገብ የቆመው የማቴዎስ እንሰት።

ላንቻሞ አጥሩን አጠበቀው። ጠዋት ጠዋት ፊቱ ይቆማል፤ ከመቆም በቀር ግን ምንም አይሠራም።

ከእንሰት ተፍቆ እንዲብላላ በየቤቱ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠው ቆጮ እያለቀ መጣ። ከሩቅ አገር የመጣ ችግኝ ተሞከረ፤ በሽታውን ይዞ መጥቶ ጠወለገ። አንድ ቀን ኤርጫፎ መጣና በአጥሩ ላይ ተደግፎ ቆመ።

«እኔ ዕቃዬን እያሰርኩ ነው» አለ። «ቆላ ወርደን ከሰው እርሻ የቀን ሥራ እንገባለን። አንተስ?»

«እኔ እዚሁ ነኝ።»

«ምን ይዘህ?»

ላንቻሞ እንሰቱን በአገጩ አመለከተው።

«እሺ እንግዲህ፣ ቁጠረው» አለ ኤርጫፎ። «ብቻ ተሳስተህ ሁለት እንዳትለው!»

ቀልዱ የድሮ ቀልድ ነበር፤ ሁለቱም ግን አልሳቁም።

ኤርጫፎ ሲሄድ ባዩሽ ከቤት ወጥታ ባሏ አጠገብ ቆመች።

«የማቴዎስ አባት፣ ጥር እያለፈ ነው። እንሰት የሚራባበት ጊዜ ሊያመልጠን ነው።»

«የቱ እንሰት አለንና ነው የምናራባው?»

«ታውቀዋለህ።»

ፊቱ ተለወጠ። «ልጄን ቀበርኩ፤ ማሳዬን ቀበርኩ። አሁን ደግሞ ይህን ልቅበር? የቀረኝ እኮ ይህ ብቻ ነው!»

«የቀረኝ አትበል፤ የቀረን በል። እኔም ወልጄዋለሁ። ይህ ካልተቀበረ ኤርጫፎ ይሄዳል። ሌላውም ይከተለዋል። ነገ እኛም እንሄዳለን። ያን ጊዜ ይህን አጥር ማን ያጥርልሃል?»

እንሰት እንዴት እንደሚራባ ከላንቻሞ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ግንዱ ከመሬት ዝቅ ተብሎ ይቆረጣል። መሬት ውስጥ የሚቀረው ወፍራም ሥር አሚቾ ይባላል። የአሚቾው መሀል፣ ተክሉ ወደ ላይ የሚያድግበት ልቡ፣ በቢላ ተፈልፍሎ ይወጣል። ባዶው ቦታ በአፈርና በፍግ ይሞላል፤ ከዚያም ከላይ አፈር ይለብሳል። ዝናብ ሲመጣ ልቡ ከወጣለት አሚቾ ዙሪያውን ቡቃያ ይፈላል። ልቡ ካልወጣ ግን ኃይሉን ሁሉ ለራሱ ይዞ ራሱን ብቻ መልሶ ያበቅላል።

በማግስቱ ቢላውን በእሳት አሳለፈና አጥሩን ከፈተ። «ጌታ ሆይ፣ ስለ ማሳው አልጠየቅኩህም» አለ። «ይህን ግን ባትነካብኝ ምን ነበረበት?» መልስ አልሰማም። እንሰቱን ቆረጠው። ግንዱን ባዩሽ ለቆጮ እንድትፍቀው ወደ ጎን አጋደመላት። ከዚያ አካፋውን አንሥቶ አፈር መመለስ ጀመረ።

ባዩሽ መፋቋን ትታ ቀና አለች። «ልቡን አላወጣህም።»

«ተይኝ።»

«የማቴዎስ አባት፣ ልቡን አላወጣህም።»

«ቆረጥኩት አይደል? አልበቃም? ልቡን እንኳ ልተውለት!»

«ታዲያ ለምን ቆረጥከው?» አለችና መጥታ አካፋውን ያዘችበት። «ልጁ ሕፃን ሳለ፣ ከአንተ ጋር እንሰት ስታራቡ ‹አባ፣ የዚህን ልቡን ተውለት፣ ያመዋል› ብሎ ያለቀሰውን ረሳኸው? አንተም እሺ ብለህ የአንዱን ልብ ተውክለት። ዝናብ ሲመጣ ሌሎቹ በቡቃያ ተሸፈኑ። የእሱ ምን አወጣ?»

ላንቻሞ ቀስ ብሎ «አንዲት» አለ። «አንዲት ቀጭን ቡቃያ።»

«ልጁስ ያን ጊዜ ምን አለህ?»

«‹አዘንኩለት ብዬ ልጅ ከለከልኩት› አለ።»

ባዩሽ አካፋውን ለቀቀችለትና የሚነድ እንጨት ይዛ መጣች። ላንቻሞ ቢላውን እንደገና በእሳት አሳለፈ። ተንበርክኮ የልጁን እንሰት ልብ ፈልፍሎ አወጣ። ማሳው ሲጠፋ ያላለቀሰው ሰውዬ ያን ቀን አለቀሰ። ባዶውን በአፈርና በፍግ ሞሉት፤ ከላይም አፈር አለበሱት።

ኤርጫፎ ይህን ሲሰማ መንገዱን አዘገየ። «እስከ ፋሲካ እጠብቃለሁ» አለ። «ከዚያ በላይ ከጠበቅኩ ግን ሞኝነት ነው።»

የካቲት በደረቁ አለፈ። መጋቢትም ደመና አሳይቶ አታለለ። ላንቻሞ በየጠዋቱ ያን የአፈር ቁልል ያያል፤ አፈሩ አፈር ነው።

የፋሲካ ጠዋት ወደ ጸሎት ቤት ከመሄዱ በፊት እንደገና አየው። ምንም የለም። ከባዩሽ ጋር ሄደ። መዝሙሩ ተዘመረ፤ የምስክርነት ሰዓት ደረሰ። ያን ጊዜ ላንቻሞ ተነሣ። ከልጁ ቀብር ወዲህ ተነሥቶ አያውቅምና ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«ጌታ ሆይ» አለ፣ «ዛሬ የምቆጥርልህ የለኝም። ጠዋት ሄጄ አየሁት፤ አፈር ነው። ትናንት ቅዳሜ ነበር፤ በዚያ በመጀመሪያው ቅዳሜም የክርስቶስን መቃብር ያየ ሰው ያየው ድንጋይ ብቻ ነበር። አንተም ልጅ አለህ። አንተም ሲቀበር አይተሃል። እኔ ይህን ያህል ዘመን ስትሰጠኝ ብቻ ከእኔ ጋር ያለህ ይመስለኝ ነበር። ለካ ስቀብርም አብረኸኝ ነበርክ። ክርስቶስ ከተነሣ የእኔም ማቴዎስ ይነሣል። ይህ ካለኝ፣ አፈሩ ቡቃያ ቢሰጠኝም ባይሰጠኝም አመሰግንሃለሁ።»

ሊቀመጥ ሲል ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ «ዶሮዎቹስ?» አለ። ኤርጫፎ ነበር። እያለቀሰ ነው የጠየቀው።

«በልተናቸዋል» አለ ላንቻሞ።

ጸሎት ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ወደ እልልታ ተለወጠ፤ ያን ቀን ማንም ማንንም ዝም ሊያሰኝ አልቻለም።

ፋሲካ አለፈ፤ ኤርጫፎ ግን አልሄደም። ያሰረውን ዕቃ ሲፈታ ሚስቱ «ምን አይተህ ነው?» ብትለው፣ «እኔ ምንም አላየሁም። ምንም ሳያይ የሚያመሰግን ጎረቤት ትቼ ወዴት እሄዳለሁ?» አላት።

ዝናቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣ ግን ጠግቦ ዘነበ። አንድ ጠዋት ባዩሽ ከበሩ ላይ ጮኸች። ላንቻሞ ሌላ መርዶ መስሎት እየሮጠ ወጣ። አፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። ልቡ በወጣበት ባዶ ቦታ ዙሪያ፣ እንደ አክሊል፣ አረንጓዴ ቡቃያ ጫፍ ጫፉን አውጥቷል።

ላንቻሞ ተንበርክኮ መቁጠር ጀመረ። ባዩሽ ከቆመችበት «ስንት ሆነ?» አለችው።

«ቆይ እንጂ… ይህን ቆጥሬዋለሁ? ይህስ አዲስ ነው!» አለና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። በማግስቱ ሲመጣ ከአፈሩ ሥር ሌላ ወጥቶ የትናንቱን ቁጥር አበላሸበት። በሦስተኛው ቀን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። «አላስቆጥር አለኝ!» አለ።

ችግኞቹ ሲጠነክሩ የመጀመሪያውን ለኤርጫፎ ሰጠው። ከዚያም ለየቤቱ አከፋፈለ፤ ቢላቸውን በእሳት ሳያሳልፉ ተክል እንዳይነኩ አስማላቸው። የታመመውን መሬት አሳርፈው ከብት ይውልበት በነበረው መስክ ተከሉ። እንሰት የሚደርሰው በዓመታት ስለሆነ እስከዚያ በድንችና በገብስ ተንጠላጥለው ቆዩ። ከዚያ መንደር ዕቃውን ጭኖ የወጣ አንድም ሰው አልነበረም።

መስኩ እንደ ደን ሲቆም የኤርጫፎ ልጅ ተዳረች። ለሠርጉ የተቆረጠው እንሰት የማቴዎስ እንሰት ልጅ ነበር፤ የመንደሩ ሰው ያን ዘር እስከ ዛሬ «ማቴዎስ» ብሎ ነው የሚጠራው። ላንቻሞን ከኤርጫፎ ጎን በአባት ቦታ አስቀመጡት። ትኩሱን ቆጮ ቆርሶ በመጀመሪያ ለባዩሽ አጎረሳት። «የማቴዎስ እናት» አላት፣ «ብዪ፤ ይኸው የልጃችን ሠርግ ደረሰ።» ሠርገኛው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ እልል አለ።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ስትነግሩ አንድ ነገር እንዳትሳሳቱ። መከራ በራሱ አያበዛም። የታመመው ማሳም ተቀብሮ ነበር፤ ከእሱ ግን አንድም ቅጠል አልበቀለም። ያበዛው፣ ላንቻሞ በእንባው ተንበርክኮ፣ አምኖ የሰጠው ነው። እምነቱም የተገለጠው ቡቃያው በታየበት ጠዋት አይደለም፤ አፈሩ ገና አፈር ሳለ ተነሥቶ ባመሰገነበት ጠዋት ነው። ቡቃያውን አይቶ ማመስገንማ ለማንም አያቅትም። እግዚአብሔር ከልባችን አንድ ነገር ሲወስድ የሚቀረው ባዶ ቦታ፣ ለእሱ ከተውንለት፣ ብዙዎች የሚበቅሉበት ቦታ ይሆናል። የእኛ ተስፋ ከተከፈተ መቃብር የመጣ ነውና አፈር አይከለክለውም።

አንተስ፣ አንቺስ? ቆርጣችሁ ስታበቁ ልቡን የተዋችሁለት ነገር ምንድን ነው? አፈሩስ ገና አፈር ሳለ ተነሥታችሁ ታመሰግናላችሁ?