ወደ አህያ ደጅ የወደቀው ደመራ

አንድ ጊዜ፣ አደይ አበባ ሜዳውን ባለበሰበት መስከረም፣ በአንድ ወንዝ ዳር የሚኖሩ አራዊት ደመራ ይደምሩ ነበር። በዋዜማው ከየቤቱ እንጨት ይመጣል፤ ከመካከሉ ረጅሙ ምሰሶ ይቆማል፤ ማለዳ ይለኮሳል። ምሰሶው የወደቀበትን አቅጣጫ አይተውም የዓመቱ በረከት ወይም መዓት ከየት እንደሚመጣ ይተነብያሉ።

በዋዜማው ቀበሮ ጅራቱን እያወዛወዘ ወደ ጃርት ጎጆ መጣ።

«እመት ጃርት፣ ጥርስሽ ከመጥረቢያ ይበልጣል ሲሉ እሰማለሁ።»

«ጥርሴን ልታመሰግን ነው የመጣኸው?»

«ስለ ድንች ላወራሽ ነው። የምሰሶውን ሥር በአህያ ደጅ በኩል ጥቂት ብትቦረቡሪልኝ፣ ከጉብታው ጀርባ ያለውን የድንች ማሳ አሳይሻለሁ።»

«አህያ ምን ትሆናለች?»

«ምን ትሆናለች? እንጨት ስለወደቀ የሞተ አለ እንዴ!»

ጃርት ስለ ድንቹ ስታስብ ምራቋ ሞላ። ሜዳው ጭር ሲል ሄዳ ቦረቦረች።

ሲነጋ ሁሉም ችቦውን ይዞ ወጣ። የጃርት ችቦ ግን በእሾኋ እየተያዘ አላስኬዳት አለ። አህያ አየቻትና፣ «ነይ ጎረቤቴ፣ እኔ ላይ ጣይው። ጀርባ ለምን ተፈጠረ!» ብላ ተሸከመችላት። ጃርት ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።

ደመራው ነደደ፣ ተንጣጣ። ምሰሶው ተንገዳገደና የአህያን አጥር ሰብሮ ደጇ ላይ ተገነደሰ።

«አያችሁ!» ብሎ ጮኸ ቀበሮ። «መዓቱ ያለው ከሷ ቤት ነው! ዛሬውኑ ወንዙን ካልተሻገረች ድርቁ ለሁላችን ነው!»

ከወንዙ ማዶ የጅብ ሰፈር መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ሆኖም ድርቁን ፈሩ። አንበሳም ጎፈሩን እያሻሸ፣ «እሳት የተናገረውን ማን ይመልሳል?» አለ።

አህያ አልተከራከረችም። የቀዘቀዘ አመድ በኮቴዋ ነክታ፣ እንደ ልማዱ የጎረቤቷን ግንባር ልትቀባ መጣች።

«እንኳን አደረሰሽ ጃርትዬ። ክረምት ሲመጣ ጎጆሽን ከፍ ወዳለው አዙሪው፤ ጎርፉን የማሻግርሽ እኔ የለሁም።»

ጃርት ወደ ኋላ ሸሸች። ብትናገር እሷም ትባረራለች፤ ዝም ብትል ይህች ኮቴ ዳግመኛ በደጇ አታልፍም።

«አትቀቢኝ! ይህ ግንባር አመድ አይገባውም!» አለች። «ምሰሶውን ወዳንቺ የጣለው እሳቱ አይደለም፤ የኔ ጥርስ ነው። ቀበሮ ድንች አሳይሻለሁ ብሎኝ!»

«ውሸታም!» አለ ቀበሮ። «ምስክርሽ የታለ?»

ይህን ጊዜ ከማዶ ቁጥቋጦ የጅብ ድምፅ መጣ።

«አያ ቀበሮ! ኧረ አህያዋን ቶሎ ስደዳት! ቅልጥሙ ላንተ ነው አልኩህ እኮ፤ ምን ታዘገይብኛለህ!»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ቀበሮ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ቀብሮ ወደ ወንዙ ሮጠ። ማዶ የጠበቀው ግን ቁርሱ የቀረበት ጅብ ነበር።

አንበሳ ወደ ጃርት ዞረ። «በሷ ላይ የተበደለችው ትፍረድ።»

አህያ ጆሮዎቿን አጣጥፋ አሰበች።

«ለመሆኑ የድንቹ ማሳ እውነት አለ?»

«እኔ እንጃ፤ አላየሁትም» አለች ጃርት አንገቷን ደፍታ።

«አይ አንቺ! ባላየሽው ድንች ሸጥሽኝ? በይ ነይ፤ የሰበርሽውን አጥር አብጂልኝ።»

ጃርት ወዲያው ካስማ መሳብ ጀመረች። አንበሳም አፈረ። «ሳልመረምር ፈርጃለሁና እኔም አግዛለሁ» ብሎ ትከሻውን ሰጠ። ይህን ያዩት ሁሉ ተከተሉት። የመጨረሻው ካስማ ሲተከል አህያ አመዱን አነሳች፤ ጃርትም ያን ጊዜ ግንባሯን ሰጠች።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ወንዝ ዳር ምሰሶው ወደ ማን ደጅ እንደወደቀ መጠየቁ አልቀረም። መልሱ ሲታወቅ ግን አራዊቱ ወደዚያ ደጅ አጥር ሊያጥሩ፣ ጣሪያ ሊከድኑ ይሄዳሉ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሌላው በእኛ ጥፋት ሲሰደድ ዝም ብሎ ከማየት፣ ዘግይተንም ቢሆን እውነቱን ተናግረን የሰበርነውን አጥር መጠገን እንደሚሻል ነው።