አሥራ አንድ እርምጃ

«አንድ ሰው ነበረ፤ ያሳደገችውን አክስቱንና ያጠባችውን ጎረቤቷን በአንድ መንገድ በደላቸው።»

እትዬ የሻረግ ነገራቸውን የጀመሩት እንዲህ ብለው ነው። ጠያቂው ለከተማው መንገድ የሚነድፍ ጎልማሳ ነበር። «እትዬ፣ የእግረኛ መሻገሪያ ድልድይ ሠራንለት፤ ሕዝቡ ግን ድልድዩን ትቶ የመንገዱን የብረት አጥር ይዘላል። ይህን ሕዝብ ምን ብናስተምረው ይሻላል?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም የሚያነቡትን መጽሐፍ ከደኑና «መጀመሪያ አንተ ቁጭ በል» አሉት። ከዚያ ቀጠሉ።

ሰውየው እናቱን አያውቃትም። በወለደችው በሦስተኛው ቀን ሞተች። አክስቱ አንሥታ ታቀፈችው፤ ነገር ግን ወልዳ አታውቅምና የምታጠባው የላትም። ከመንገዱ ማዶ፣ በር ለበር የምትኖር ጓደኛዋ ያን ጊዜ ሴት ልጅ ታጠባ ነበር። ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር አክስት ነጠላዋን እንኳ በቅጡ ሳትደርብ መንገዱን ተሻግራ ትሮጣለች። ጓደኛዋም «አምጪው እንግዲህ ይህን ሆዳም፤ የልጄን ድርሻ ሊጨርስ ነው!» እያለች ጡቷን ትሰጠዋለች። መንገዱ ራሱ መንገድ ለመባል የሚያፍር ነበር። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። ሆኖም ሁለቱ ሴቶች እርሾ የሚበዳደሩት፣ አንዷን ያመማት እንደሆነ ሌላዋ የምትደርስላት፣ ተኳርፈውም የሚታረቁት በዚያው ላይ ነበር።

ልጁ አደገ፤ ተማረ፤ መንገድ ነዳፊ ሆነ። አክስቱን ሊጠይቅ ሲመጣ በመኪና መጥቶ ደጃፏ ላይ ጡሩምባ ይነፋል። ከመኪናው በር እስከ ቤቷ በር ሦስት እርምጃ ነው። ካደገ ወዲህ በዚያ ሰፈር በእግሩ የሄደው ያችኑ ብቻ ነው። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ክፋት ቢሆንማ መድኃኒቱ በተገኘ።

አንድ ቀን የዚያን የሰፈሩን መንገድ እንዲያሰፋ እርሱ ተመደበ። የእናቶቼን ውለታ የምከፍልበት ቀን መጣ ብሎ ደስ አለው። ንድፉን የቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሰቀለና ነዋሪውን ሰበሰበ። «ስድስት መኪና ጎን ለጎን ያልፍበታል። መሐሉ በብረት አጥር ይከለላል። እግረኛ ደግሞ ታች ገበያው ጋ በምንሠራው ድልድይ ይሻገራል። አስተያየት ያላችሁ?» አለ።

አክስት ከፊት ተቀምጣለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ሥዕል ግን ይገባታል። በሩቁ የራሷን በር ፈልጋ አገኘች። የጓደኛዋን በር አገኘች። በሁለቱ መሐል የተሰመረውን አጥርም አገኘች። ጓደኛዋ ክንዷን ቆነጠጠቻት።

«አንቺ፣ መሻገሪያው የት ነው ያለው?»

«ዝም በይ፣ እሱ ያውቃል።»

እንዲህ ትበል እንጂ እጇን ልታነሣ ነበር፤ እንዲያውም እስከ ግማሽ አንሥታዋለች። ወዲያው ዞር ስትል የሰውን ፊት አየች። ያ ሁሉ ሽማግሌ አፉን ከፍቶ ልጇን በአድናቆት ያየዋል። «እኔው አሳድጌ እኔው በሰው ፊት ላዋርደው?» አለች በሆዷ። ባነሣችው እጅ ነጠላዋን አስተካከለችበት። ከዚያም እልልታውን የጀመረችው እርሷው ናት። የእኛ ነገር እንዲህ ነው፤ የሚጎዳንን በእልልታ እንቀበልና ቤታችን ገብተን እናማዋለን።

መንገዱ ተሠራ፤ ከመኪና ሆኖ ላየው ያምራል። ድልድዩ መውጫው ስልሳ ሁለት ደረጃ፣ መውረጃውም ስልሳ ሁለት ነው። እርሾ ለመበደር ማን ይወጣዋል? ጉልበታቸው የደከመ ሁለት አሮጊቶች ማዶና ማዶ ቀሩ። ተጠራርተው እንዳያወሩ የመኪናው ጩኸት ድምፅ አያሳልፍም። በመጨረሻ ምልክት አበጁ፤ ጠዋት ጠዋት በየደጃቸው ቆመው ነጠላቸውን ያወዛውዛሉ። አንድ ጊዜ ከሆነ «ደህና አድሬአለሁ» ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ ስድብ ነው፤ የስድቡን ዝርዝር የተገናኙ ዕለት ይነጋገሩታል።

አንድ ጠዋት ከማዶ ነጠላ ሳይወዛወዝ ቀረ። አክስት ቆማ ጠበቀች። ቆይቶ የጓደኛዋ ልጅ ወጣችና በሁለት እጇ «ነይ፣ ነይ» አለቻት። አክስት ሳታስበው አስፋልቱ ውስጥ ገባች። የታክሲ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «እማማ፣ ሞት አማረዎት እንዴ? በድልድዩ ይሂዱ እንጂ!» ብሎ ጮኸባት።

«ድልድዩን የሠራው ልጄ ነው፤ አድራሻውን አንተ አትነግረኝም!» አለችው። አለችው እንጂ ተመልሳ ወደ ድልድዩ ሄደች።

በየአሥር ደረጃው ተቀመጠች። ከላይ ስትደርስ የጓደኛዋን ጣሪያ አየችው፤ ቤቱ ገና ጸጥ እንዳለ ነው። ደርሼላታለሁ ብላ ተጽናናች። ወርዳ፣ የማዶውን ዳር ይዛ መንገዱን ስታጋምስ ዋይታው ተነሣ።

ልጅቷ ደረቷን እየደቃች በሩ ላይ ተቀበለቻት። «ሦስት ጊዜ "መጣች ወይ?" አለችኝ። ሦስት ጊዜ "ድልድዩ ላይ ናት" አልኳት።»

ሰውየው ለቅሶው ድንኳን ሲደርስ አክስቱ እግር ሥር ወደቀ። «እታባ፣ ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ ለምን አልነገርሽኝም? አንዲት ቃል ብትይኝ እኮ!» አላት። እርሷ ግን ቀና ብላም አላየችው።

እዚህ ላይ እትዬ የሻረግ ወደ ጎልማሳው ዞሩ።

«አንተ ደግሞ ሕዝቡን ምን እናስተምረው ብለህ መጣህ። አጥርህን የሚዘለው ሰው ሁሉ፣ ያቺ ሴትዮ ግማሽ አንሥታ የመለሰችው እጅ ነው። እርሷ በአፏ ያልተናገረችውን እርሱ በእግሩ እየነገረህ ነው፤ አንተ ግን ባለጌ ትለዋለህ። ስንት መኪና እንደሚያልፍ አስቆጥረሃል። ማን ወደ ማን እንደሚሻገር ጠይቀህ ታውቃለህ? አሁንም ጉልበቷን ከሚያማት ሴት ጋር ያን ደረጃ ወጥተህ ውረድ፤ ንድፍህን ከዚያ በኋላ ዘርጋ።»

ጎልማሳው፣ «ሴትዮዋስ ምንም ሳትመልስለት ቀረች?» አለ።

«እስከ ጓደኛዋ አርባ ድረስ አልተናገረችውም። የአርባዋ ዕለት ግን እጁን ይዛ አስፋልቱ ዳር አቆመችውና የማዶውን በር አሳየችው። እንዲህም አለችው፦ "ዝም ማለቴ የራሴ ጥፋት ነው፤ ስለ እሱ ለፈጣሪዬ መልስ እሰጣለሁ። አንተን ታቅፌ ይህን መንገድ ስሻገር ግን አሥራ አንድ እርምጃ ነበር። በየቀኑ እቆጥረው ነበር፤ ታለቅስብኝ ነበራ። መንገዱ ያኔ እንዲህ ቢሆን ኖሮ፣ ልጄ፣ ድልድዩ ላይ ትሞትብኝ ነበር።"»