ሰማይ የለበሰው ፎቅ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ሰምታችሁ ስታበቁ ፍረዱ እንጂ ዝም አትበሉ።

ድሮ ድሮ፣ ፎቅና ወፍ በሚነጋገሩበት ዘመን፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ሕንፃዎች ይኖሩ ነበር። የመጀመሪያው የተጠረበ ድንጋይ ቤት ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ፣ የጣሪያው ክፈፍ ሰፊ። ቀጥሎ የመጣው ባለ ሰገነት የሲሚንቶ ፎቅ ነው። የመጨረሻው ከሁለቱም አናት በላይ የወጣ፣ ከእግር እስከ ራሱ መስታወት የለበሰ ነው፤ የሚከፈት መስኮት እንኳ የለውም። ቢሮ ፈላጊው ሁሉ እሱ ዘንድ ሲጎርፍ ግቢው በእሱ ስም ይጠራ ጀመር። ታላላቆቹን የሚያስታውስ ጠፋ።

በድንጋይ ቤቱ ክፈፍ ሥር አንዲት ድንቢጥ ሁለት ጫጩቶች ታሳድግ ነበር። ትልቁ ክንፉ ሲጠነክርለት ከጎጆው ወጣ። ፊት ለፊቱ ሰማይ አየ፣ ደመና አየ፣ ዛፍ አየ። ደስ ብሎት በረረ። ጓ! ሰማይ አልነበረም፤ የመስታወቱ ፎቅ ደረት ነበር።

ግቢውን የምትጠርገው ትርንጎ ጫጩቱን ከመሬት አነሳችው።

«ውይ! ገና ትኩስ ነው እኮ።»

«ጥረጊው እንጂ፣ እንግዳ ይመጣል» አላት ዘበኛው ጋሽ ወንድይፍራው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ልጅ ነው።»

«የወፍ ልጅ!»

ትርንጎ ጫጩቱን አበባው ሥር ቆፍራ ቀበረችው።

እናቲቱ እያለቀሰች ከመስታወቱ ፎቅ ፊት ቆመች።

«ልጄን ገደልከው!»

«እኔ? ከቆምኩበት ንቅንቅ አላልኩም። መጥቶ የተላተመው እሱ።»

«ሰማይ መስለህ አታለልከው።»

«ሰማይ ነኝ ብያለሁ? ምስክር አምጪ! እኔ ፊቴ ያለውን ነው የማሳየው። ማየት ያላስተማርሽው አንቺ ነሽ።»

ድንቢጧ ንዴቷን ዋጠች። «እሺ። ትንሿ ነገ ጧት ትበራለች። እባክህ ፊትህን ጋርድልኝ።»

«ላንቺ ብዬ ውበቴን? ሂጂ ወዲያ!»

እንደ አገሩ ደንብ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ድንጋይ ቤቱ፣ የሲሚንቶው ፎቅና ጓሮ ያለው ጄኔሬተር።

ድንጋይ ቤቱ፣ መስታወቱ ቢቀየመኝ «ይሄ አሮጌ ይፍረስ» ያስብለኛል ብሎ ፈርቷል። «ልጄ፣ የሞተ አይመለስም። ለሽበቴ ስትይ ይቅር በይው» አላት።

ለሲሚንቶው ፎቅ የተረፈ መስታወት ሊያለብሱት ቃል ተገብቶለታል። «ጎረቤት ናችሁ፣ ነገር አታክርሪ። ለእኔም ስትይ ይቅር በይው» አላት።

ጄኔሬተሩ ናፍጣ የሚጠጣው ከመስታወቱ ፎቅ ጓዳ ነው። ጥቁር ጭሱን እየሳለ «ዱ ዱ ዱ! በቃ ተሳሳሙ! ለእኔም ስትይ!» አላት።

ድንቢጧ ወደ ሦስቱም ዞረች።

«ለሽበት ስትይ፣ ለጉርብትና ስትይ፣ ለናፍጣ ስትይ! ለልጅሽ ስትይ ያለኝ ማን ነው? ነገ ትንሿ ስትወጣ ያ ሰማይ እዚያው ነው። እሱን ፊትህን ሸፍን ሳትሉት እኔን እንባሽን ጥረጊ ትሉኛላችሁ! የታረቃችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ አልታረቅሁም!»

ሳትስም በርራ ሄደች። ርግብ ጋ ሄደች፣ ዋኖስ ጋ ሄደች፣ ቁራ ጋ ሄደች። «ልጅ ያለሽም ነዪ፣ ልጅ የሚኖርሽም ነዪ!» አለች።

ሲነጋ የወፍ መንጋ ከቦዩ ጭቃ በምንቃሩ እያፈሰ መጣ። መስታወቱ ፎቅ ፊት ላይ ለጠፉ፣ ተመለሱ፣ ደግሞ ለጠፉ። ቁራውማ አፉን ሞልቶ እያመጣ «ይሄ ለአገጭህ! ይሄ ለግንባርህ!» ይለው ነበር።

«ኧረ አበላሹኝ! ኧረ የሽማግሌ ያለህ!» ብሎ ጮኸ መስታወቱ። ሽማግሌዎቹ ጭጭ።

ጋሽ ወንድይፍራው እየሮጠ መጣ። «ትርንጎ! ቶሎ እጠቢው፣ እንግዶቹ ደረሱ!»

ትርንጎ ቧንቧውን ከፈተችው፤ ትንፍሽ አላለም። «ጋሼ፣ ዛሬ የኛ ፈረቃ አይደለም። ጠብ የሚል ውሃ የለም።»

«ሮቶው ውስጥስ?»

«እሱን እንግዶቹ ይጠጡት ወይስ ፎቁ ፊቱን ይታጠብበት? ይምረጡ!»

ጋሽ ወንድይፍራው ራሱን እያከከ ቆመ። ይኼን ጊዜ ትንሿ ጫጩት ከጎጆዋ ወጣች። ፊት ለፊቷ ጭቃ አየች። ክንፏን አዘነበለች፣ ዞረች፣ በድንጋይ ቤቱ ጣሪያ ላይ አልፋ እውነተኛው ሰማይ ውስጥ ገባች።

«አየሽ ምን እንዳደረግሽኝ?» አለ የመስታወቱ ፎቅ። «ጭቃ አስመሰልሽኝ!»

«ጭቃ ስትመስል ግን ማንንም አልገደልክም» አለችው ድንቢጧ፤ ልጇንም ተከትላ በረረች።

ተረቴም እዚህ ላይ አበቃ፤ ፍርዱን ለእናንተ ተውኩ። እኔ የማውቀው ይችን ነው፦

በደል ሳይቆም ለዕርቅ የቸኮለ፣
ለሁለተኛ ለቅሶ ድንኳን ተከለ።