ትርንጎና የጭራቁ መዳፍ

በሉ ጠጋ በሉ። የሚፈራ ካለ አሁኑኑ ይውጣ፤ መሃል ላይ "እማዬ!" ብሎ የሚጮህብኝን ልጅ አልወድም። አለ የሚወጣ? የለም? እሺ፣ ኋላ እንዳትወቅሱኝ።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ ጭራቅም እንደ ጎረቤት ማዶ ለማዶ በሚኖርበት ዘመን፣ ውድነሽ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯት። ትልቋ ትርንጎ ናት፤ እጇ የነካው ጭቃ ሁሉ መልክ ያወጣል። ትንሿ ድንቡሼ ናት፤ ለምን ድንቡሼ እንደተባለች ጉንጯን ያየ ሰው አይጠይቅም።

አንድ ቀን እናትየውን እግሯን አመማትና ተኛች። "ትርንጎዬ፣ አፈሩ አልቋል፤ ከወንዙ ዳር ቆፍረሽ አምጪ። ቀዩ ገደል ጋ ግን እንዳትደርሺ! የዚያ አፈር ባለቤት አለው" አለቻት።

ትርንጎ እሺ አለች። እሺ ማለትማ ምን ገዷት! የወንዙ ዳር አፈር ጠጠር በዛበት፤ የቀዩ ገደል አፈር ግን ከሩቅ ቅቤ መስሎ ያብረቀርቃል። ድንቡሼን እየጎተተች ወደዚያው ሄደች። ገና አንዴ ብትቆፍር መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

"ማነው አፈሬን የሚቧጥጥ? ሰው ሰው ይሸተኛል!"

ጭራቁ ነው። ቁመቱ እንደ ዋርካ፣ ጥፍሩ እንደ ማጭድ። ጥርሱንማ አትጠይቁኝ! ነጭ ድንጋይ አቃጥሎ፣ ፈጭቶ፣ በዱቄቱ ጠዋት ማታ ያሸዋል። ዛሬ እኛ ጄሶ የምንለው መሆኑ ነው። ሰው ሊበላበት ጥርሱን ያነጣል፣ ጉድ እኮ ነው!

ድንቡሼን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወደ ዋሻው ወሰዳት፤ ትርንጎም እየሮጠች ተከተለችው። የዋሻውን አፍ ጥቁር ቋጥኝ ዘግቶታል።

"ማነህ?" አለ ቋጥኙ።

"እኔ ነኝ።"

"እጅህን!"

ጭራቁ መዳፉን ለጠፈበት። ቋጥኙም የመዳፉን መስመር ሁሉ፣ ኪንታሮቱን ሁሉ አንድ በአንድ ዳሰሰና "ጌታዬ ነህ" አለ። ገርርርር፣ ተከፈተ። ድንቡሼ ተወረወረች። ጭራቁ መዳፉን መልሶ ለጠፈ፤ ገርርርር፣ ተዘጋ።

እናንተ ብትሆኑ ትሮጡ ነበር፤ አውቃችኋለሁ። ትርንጎ ግን ድንጋይ አንስታ ቅልጥሙን አቀመሰችው። "እህቴን መልስ፣ አንተ አጋሰስ!"

ጭራቁ ሳቀ። "ደፋር ነሽ! ሙያሽ ምንድን ነው?"

"ከጭቃ ዕቃም እሠራለሁ፣ አውሬም እሠራለሁ።"

"አውሬ?" ጭራቁ ጎንበስ አለ። "ስሚ እንግዲህ። እኔ ያላስፈራሁት የለም፤ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ፈርቼ አላውቅም። ብርክ የሚባለው ነገር ያምረኛል። ብርክ የሚያስይዘኝ አውሬ ሥሪልኝ! በየቀኑ ጀንበር ሳትጠልቅ አንድ አንድ ሥሪልኝ! ከፈራሁ እህትሽን ይዘሽ ሂጂ። ሦስት ቀን ሰጥቼሻለሁ። በሦስተኛው ካልፈራሁ ድንቡሼን ቅርጥፍ! አንቺን ቅርጥፍ! ጥርሴ ውስጥም አትቀሩ!"

ትርንጎ በአንድ ወገን ቀዩን ሸክላ አፈር፣ በአንድ ወገን ጭራቁ ለጥርሱ የፈጨውን የጄሶ ክምር አየች። የቱን ልያዝ? ሸክላ የእናቷ ሙያ ነው። ይታዘዛል፤ ቢበላሽም እንደገና ይቦካል። አቦካችው። የአንበሳ ገላ፣ የጅብ ራስ፣ ሰባት ቀንድ አወጣችለት። ግን ሸክላ ጥላ ውስጥ ሰንብቶ መድረቅ አለበት፣ ከደረቀም በኋላ እሳት መግባት አለበት። ጀንበሯ ደግሞ ማንንም አትጠብቅም። እርጥቡን እንዳለ አቀረበችው። በዚያ ዘመን ዓይን የወጣለት ነገር ሁሉ ነፍስ ይዘራ ነበርና አውሬው አጓራ።

ጭራቁ አየው። ዞረው። አሸተተው። ከዚያ አንድ እንስራ ውሃ ቸለሰበት። ሰባቱ ቀንድ ሟሸሸ፣ የአንበሳው ገላ ተደረመሰ።

"አልፈራሁም!" ብሎ ጮኸ። "አንድ ቀን አለፈ! ድንቡሼን ሳስባት ምራቄ ይመጣል!"

ከጭቃው ውስጥ የጅቡ ራስ ብቻ ቀርቶ ነበር። "ትርንጎ፣ አትቀየሚኝ" አለ። "እሳት ያልገባ ሸክላ ውሃ ሲያገኘው ጭቃ ይሆናል። እርጥብ ሸክላ ግን የሰጡትን መልክ ሁሉ ይቀበላል።" ይህን ብሎ እሱም ሟሟ።

በማግስቱ ትርንጎ ፊቷን ወደ ጄሶው አዞረች። ዱቄቱን በውሃ በጠበጠች። ምን ዓይነት ጠባየ ቢስ ነገር መሰላችሁ! ሸክላ ይጠብቃል፤ ጄሶ አይጠብቅም። ክንፉን ላስተካክል ስትል እጇ ላይ ይግላል፣ ይጠጥራል። ስትቸኩል ውላ፣ ስትፈቀፍቅ ውላ፣ ክንፍ ያለው፣ ሦስት ምላስ ያለው ነጭ ዘንዶ አደረሰች። ዘንዶውም ፉጨቱን ለቀቀው።

ጭራቁ አየው። ዞረው። አሸተተው። አንድ እንስራ ውሃ ቸለሰበት። ዘንዶው ውሃውን ጥጥት አደረገው እንጂ አልሟሟም! የትርንጎ ልብ ዘለለ። ጭራቁ ግን በጥፍሩ ኳ! አደረገው። ክንፉ እዚህ፣ ምላሱ እዚያ ተፈናጠረ።

"አልፈራሁም! ሁለት ቀን አለፈ! ድንቡሼን ሳስባት ሆዴ ይጮኻል!"

ከስብርባሪው ውስጥ የዘንዶው ራስ ተናገረ። "ትርንጎ፣ አትቀየሚኝ። የደረቀ ጄሶ አይታጠፍም፣ ይሰበራል። ሳልደርቅ የነካኝን መልክ ግን አልረሳም። እርጥብ ነገር ቢሞሉብኝ ደግሞ ውሃውን ጠጥቼ እለቀዋለሁ።" ይህን ብሎ እሱም ዝም አለ።

ያኔ ከቋጥኙ ኋላ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። "ትርንጎዬ! ጨለማ ነው! መቼ ነው የምታወጪኝ?"

"ነገ!" አለቻት። ነገ ትበል እንጂ እንዴት እንደሆነ እሷም አታውቅም። እናቷ አትድረሺ ብላት ነበር። እህቷን በገዛ እጇ ጎትታ ያመጣቻት እሷ ናት። አላለቀሰችም ግን። ቁጭ ብላ የሁለቱን ራሶች ቃል አንድ ላይ አሰበች። "ሸክላ መልክ ይቀበላል። ጄሶ መልክ ይይዛል። ቋጥኙ ደግሞ የሚያውቀው መዳፍ ብቻ ነው" አለች። ብድግ አለችና ጉድጓድ መቆፈር ጀመረች።

በሦስተኛው ቀን ጭራቁ ጥርሱን አሽቶ መጣ። ትርንጎ የእሱን ቁመት የሚያህል ጉድጓድ ቆፍራ፣ ውስጡን በሸክላ ለቅልቃ ጠበቀችው።

"አያ ጭራቅ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በከንቱ ደከምኩ" አለችው። "በዓለም ላይ ከአንተ የባሰ አስፈሪ የለም። ስለዚህ አንተኑ ራስህን እሠራልሃለሁ።"

ጭራቁ ፊቱ በራ። "እኔን? እንዴት አድርገሽ?"

"መልክህን ጄሶ ላይ አትመን፣ ከዚያ እንቀዳዋለን። መጀመሪያ እጅህን ስጠኝ።"

በትልቅ ገበቴ ጄሶ በጥብጣ አቀረበችለት። ጭራቁ መዳፉን ጫነበት። ሊጠጥር ሲል "አውጣ!" አለችው። አወጣና አየ። "ወይ እጄ! ኪንታሮቴ ሳይቀር! ቶሎ በይ፣ ሙሉውን አድርጊው!"

"በል እጅህን ዘርጋና ጉድጓዱ ውስጥ ተኛ።"

ዘፍ ብሎ ተኛ። ትርንጎም ጄሶውን ስትበጠብጥ ስትገለብጥ፣ ስትበጠብጥ ስትገለብጥ፣ እስከ አንገቱ ሞላችው።

"ትርንጎ፣ ሞቀኝ!"

"ታገስ አያ ጭራቅ፣ መልክ እየያዘ ነው።"

"ትርንጎ፣ ከበደኝ!"

"ታገስ አያ ጭራቅ፣ መልክ እየያዘ ነው።"

"ትርንጎ፣ እግሬ እምቢ አለኝ! እጄም እምቢ አለኝ!"

"እሰይ!" አለችው። "እንኳን እምቢ አለህ!"

ሮጠች። ገበቴው ላይ በቀረው የመዳፍ ቅርጽ ውስጥ እርጥብ ሸክላ ጠቀጠቀች፤ ጥጉን ሁሉ፣ ጣቱን ሁሉ ሞላችው። አሁን ጄሶው ውሃውን እስኪጠጣላት መጠበቅ ነው። ከጉድጓዱ ቋ! የሚል ድምፅ መጣ። ጭራቁ ትከሻውን ነቅንቆ ጄሶውን ሰነጠቀው። ሸክላውን ብትስበው አልለቅ አለ። ቋ! አንድ ጉልበቱ ወጣ። ብትስበው አልለቅ አለ። ቋ! ሌላው ጉልበቱ ወጣ። ዝም በሉ እንጂ፣ እኔም እኮ ልቤ እየመታ ነው! ያኔ የሸክላው ጠርዝ ከጄሶው ትንሽ ሸሸ። ገበቴውን ገለበጠችው። ጧ! የጭራቁ መዳፍ፣ ከነመስመሩ ከነኪንታሮቱ፣ ክንዷ ላይ ወደቀላት። አቅፋው ወደ ቋጥኙ በረረች።

"ማነህ?" አለ ቋጥኙ።

ድምፅዋን አወፍራ "እኔ ነኝ" አለች።

"ድምፅህ ቀጠነ።"

"ጉንፋን ይዞኝ ነው!"

"እጅህን!" አለ። የሸክላውን መዳፍ ለጠፈችበት። ዳሰሰው። "ቀዝቅዘሃል" አለ።

"ጉንፋን ነው አልኩህ እኮ!"

መስመሩን ሁሉ ዳሰሰ፣ ኪንታሮቱን ሁሉ ቆጠረ። "ጌታዬ ነህ" አለ። ገርርርር፣ ተከፈተ። ድንቡሼ ዘልላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ጊዜ የለም! ትርንጎ አፈፍ አድርጋ አጠገቡ ካለው ቁጥቋጦ ኋላ ደበቀቻት።

ጭራቁ ጄሶውን ሰባብሮ መጣ። ከአናቱ እስከ እግሩ ነጭ ሆኗል፤ በሁለቱ እጆቹ ላይ ጄሶው እንደ ሙቀጫ ደርቆ ቀርቷል። ዋሻው ተከፍቶ ሲያይ ዓይኑ ደም ለበሰ።

"ድንቡሼ! ጥግ ውስጥ ብትደበቂ የማላገኝሽ መሰለሽ?" ብሎ እያጓራ ወደ ውስጥ ገባ። እስከ ጥጉ ድረስ ገባ።

ትርንጎ ከቁጥቋጦው ዘልላ የሸክላውን መዳፍ ቋጥኙ ላይ ለጠፈች። ገርርርር። ተዘጋ።

ከውስጥ ጭራቁ ቋጥኙን ደበደበ።

"ማነህ?"

"እኔ ነኝ!"

"እጅህን!" አለ። ድም! የጄሶው ሙቀጫ አረፈበት። "ይሄ እጅ መስመር የለውም። አላውቅህም።"

"እኔ ነኝ እኮ!"

"እጅህን!" አለ። ድም! "አላውቅህም።"

በጥርሱ አይፍቀውም ወይ ያልሽው አንቺ ነሽ? ፋቀው እንጂ! ሲፍቀው ግን ጄሶው ቆዳውን ይዞ ተላጠ። መስመሩም ሄደ፣ ኪንታሮቱም ሄደ፣ መዳፉ ልሙጥ ሆኖ ቀረ። ልሙጡን መዳፍ ለጠፈው።

"አላውቅህም፤ ደግመህም አትምጣብኝ" አለ ቋጥኙ።

ያኔ የጭራቁ ጉልበት ተብረከረከ፣ ያ የተወለወለ ጥርሱ ገጭ ገጭ አለ። ትርንጎ ከውጭ ሰማችው። "ብርክ ማለት ይሄ ነው፣ አያ ጭራቅ! ወደድከው?" አለችው። የሸክላው መዳፍ ገና አልደረቀምና በእግሯ ረግጣ ጭቃ አደረገችው። የጄሶውን ቅርጽም በድንጋይ አደቀቀችው። ከዚያ በኋላ ያንን ዋሻ የሚከፍት እጅ በዓለም ላይ አልቀረም።

እህቷን አዝላ ቤት ስትደርስ እናትየው በታመመ እግሯ እያነከሰች ደጅ ላይ ነበረች። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ድንቡሼን ነጥቃ ተቀበለችና ጣቶቿን መቁጠር ጀመረች። የእጇን አሥር፣ የእግሯን አሥር ቆጠረች። ሁሉም አሉ። ከዚያ የትርንጎን እጅ ያዘች።

"እማዬ፣ እኔን እኮ አልነካኝም። ጥፋቱም የኔ ነው፣ አትድረሺ ብለሽኝ..."

"ዝም በይ" አለች እናትየው፤ ጭቃና ጄሶ የደረቀበትን ጣት አንድ በአንድ እያሸች። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት..." ሦስት ቀን እንባዋን ይዛ የቆየችው ትርንጎ አሥር ላይ ሲደርሱ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

በቃ፣ ጭራቁን ዘግቼላችኋለሁ። ተረቱን እናንተ ውሰዱት፣ እኔን ግን ውሃ አጠጡኝ፤ ጉሮሮዬ ጄሶ ሆኗል።