እጁን የሰበሰበው ነጋዴ

አንድ የጨው ነጋዴ ነበረ።

አትቸኩዪ ወይንሸት፣ ጥያቄሽን አልዘለልኩትም። የሕፃናት መዋያ ከፍተሻል። ምንጣፍ አንጥፈሻል፣ ትራስ ደርድረሻል። ልጆቹ የፈቀዱትን አንሥተው በፈቀዱት ጥግ ይጫወታሉ፤ አንቺ አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ ታዪያቸዋለሽ። ወላጆቹ ደግሞ «ይቺ ልጅ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብላ ነው የምትውለው፤ ፊደል አታስቆጥር፣ መዝሙር አታስጠና» እያሉ ልጆቻቸውን ማስወጣት ጀምረዋል። አንቺም ሆድ ሲብስሽ እኔ ዘንድ መጣሽና «እትዬ ላቀች፣ ቁጭ ብሎ ማየት ሥራ ነው ወይ?» አልሽኝ። የሰው ልጅ ሳሳድግ ያረጀሁ ሴት ነኝ፣ መልሱ አይጠፋኝም። ግን መልሱን ብቻ ብሰጥሽ ነገ ወላጆቹ ፊት ስትቆሚ ይጠፋብሻል። ስለዚህ ነጋዴውን ስሚ።

ይህ ሰው ጨው በበቅሎ እያስጫነ ደጋ ላይ የሚሸጥ፣ ንግዱ የሠመረለት፣ ቃሉ የሚሰማ ሰው ነበር። «ጫኑ» ሲል ይጫናል፤ «አራግፉ» ሲል ይራገፋል። ሚስቱ አንዲት ሕፃን ልጅ ትታለት ሞተች። ልጅቷ ገና አፏን መፍታቷ ነበር፤ እናቷ ከተቀበረች ወዲህ ግን ድምጿ ጠፋ። ዲዳ አልሆነችም፣ ብቻዋን ስትሆን ታንጎራጉራለች። ሰው ፊት ግን አንዲት ቃል አይወጣትም።

አባትየው ይወዳታል። ይህን ልብ በዪልኝ፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ጊዜሽን አላባክንበትም ነበር። ይወዳታልና የሚያውቀውን ሁሉ አደረገላት። የሚያውቀው ደግሞ ማዘዝ ነው። ግቢው ውስጥ ለብቻዋ ክፍል አሠራላት። ግድግዳው ቀይና ቢጫ ተቀባ፣ ከበሮ ተሰቀለ፣ አሻንጉሊት ከከተማ ተጭኖ መጣ። የምታጫውታት ሴት ተቀጠረችላት። ጠዋት ጭብጨባ፣ ከዚያ ቆጠራ፣ ከዚያ ዘፈን። እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጅቷ ትጠራለች። «በዪ እስኪ፣ አባዬ በዪ፤ ከረሜላ እሰጥሻለሁ» ይላታል ከረሜላውን ከፍ አድርጎ። እሷ የእግሯን ጣቶች ታያለች። እንግዶቹ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ።

ሲለቋት የት እንደምትገባ ታውቂያለሽ? የበቅሎ ኮርቻ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት። ጨለም ያለ፣ ቆዳ ቆዳ የሚሸት፣ ሙቀት ያለው ክፍል ነው። ሁለት ኮርቻዎች ተደጋግፈው የቆሙበት አንድ ጥግ አለ፤ በላያቸው የእናቷን አሮጌ ነጠላ ጣል አድርጋ፣ ከሥር ገብታ ዕቃቃ ትጫወታለች። ሳህኗ ገል ነው፤ ወጡም ምኑም ጭቃ። ያው እኔም አንቺም የተጫወትነው ዕቃቃ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አንድ ቀን አባትየው ደረሰባት። በሩ ላይ ቆሞ ሲያያት፣ ለማይታይ እንግዳ ጭቃ እያቀረበች ታንጎራጉራለች። ደስታው ወሰን አጣ። «ለካ የምትወደው ይሄን ኖሯል!» አለ። ታዲያ ምን ያደረገ ይመስልሻል? በዚያው ዕለት አናጢ አስጠራ።

አናጢው ባለቀለሙ ክፍል ውስጥ የምታምር ትንሽ ጎጆ ሠራ። ባለ ቀይ ዘርፍ አዲስ ኮርቻ ገባባት። ሸክላ ሠሪ ዘንድ ተልኮ ጣት ጣት የሚያክሉ ድስቶችና እንስራዎች ተሠሩ። ዕቃ ቤቱ ደግሞ ተጠረገ። ገሉ ተደፋ፣ ጭቃው ተፋቀ፣ ኮርቻዎቹ መስመር ይዘው ተደረደሩ፣ ነጠላው ታጥቦ ሣጥን ገባ። «ነይ የኔ እመቤት፣ ቤትሽን እዪው» አለና አንሥቶ ጎጆዋ ውስጥ አስቀመጣት። ልጅቷ እንዳስቀመጣት ተቀምጣ ዋለች። ከዚያ ወዲያ ማንጎራጎሩም ቀረ። ምግብም እምቢ አለች።

እኔን ይህ ያናድደኛል። ልጅ የወደደውን ነገር እናሳምርለት ብለን ከእጁ እንነጥቀዋለን፤ ከዚያ ደግሞ ምን ጎደለበት እንላለን። ያላየሁበት ቤት የለም።

ልጅቷ እየከሳች ሄደች። ወሬው ደርሷት የእናቷ እኅት ከሩቅ አገር መጣች። የልጅቷን ክንድ ይዛ አገላብጣ አየችና አባትየውን ለብቻው ጠርታ፣ «ወንድሜ፣ አንተ እንደምትወዳት አልክድም። ግን ልጅቷ ልታልቅብህ ነው። እኅቴን ቀብሬአለሁ፣ ልጇን አልቀብርም። ነገ በጠዋት ይዣት እሄዳለሁ» አለችው። መንገዱ ሩቅ ነው፤ እሱ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ንግድ ላይ ነው። አንዴ ከሄደች የሌላ ሰው ልጅ ሆና እንደምታድግ፣ ሲመጣም እንደ እንግዳ እንደምታየው ያውቃል። ቢሆንም «እሺ» አለ።

እሺ ብሎ ለመንገዱ የሚሆን ኮርቻ ሊመርጥ ወደ ዕቃ ቤቱ ገባ። አንዱን ኮርቻ ነካ አድርጎ ተወው። መሬት ላይ ዘፍ አለና ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። ያን ጊዜ የሚያዘው ሰው የለም፣ የሚያስመጣው ዕቃም የለም። አልቅሶ ይሆናል፤ ይህን የነገረኝ የለም።

ልጅቷ በሩ ላይ ብቅ አለች። አየችውና ቀጥ ብላ ቆመች። አባትየው «ነይ» ሊላት አፉን ከፈተ። ከዚያ መልሶ ዘጋው። ለምን እንደዘጋው ኋላ ሲጠይቁት እሱም አላወቀውም። ብቻ ዓይኑን ከእሷ ላይ አንሥቶ የራሱን ጉልበት ያይ ጀመር።

ልጅቷ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ገባች። ከተደረደሩት ኮርቻዎች አንዱን ይዛ መጎተት ጀመረች። ኮርቻው ለእሷ አይሞከርም። ሳበችው፣ ትንሽ መጣ። አቆመችው፣ ወደቀ። የአባትየው እጅ ሳያስበው ተዘረጋ፤ በአንድ ክንዱ ብድግ የሚያደርገው ነገር ነውኮ! ግን እጁን ሰበሰበና ጭኑ ሥር ሸጎጠው። ልጅቷ እንደገና አቆመችው፤ እንደገና ወደቀ። ሰውዬው ላብ አጠመቀው። ያን ሁሉ ጭነት በዚያ ሁሉ ዳገት ሲያሻግር እንዲያ ሆኖ አያውቅም።

መጨረሻ ላይ ኮርቻውን በጀርባዋ ደግፋ አቆመችው። ሌላውን ለማምጣት ደግሞ ይሄን መልቀቅ ሊኖርባት ነው። ግራ ገብቷት ዞር ብላ አየችው።

«ያዝልኝ» አለችው።

«አባዬ» አላለችም። ያን ሁሉ ከረሜላ የፈሰሰበትን ቃል አልተናገረችም፤ እንደ አሽከር አዘዘችው እንጂ። እሱም በጉልበቱ ዳኸና ያዘላት። «ጎበዝ!» ብሎ አላጨበጨበም፣ «ተናገረች!» ብሎ አልጮኸም። ዝም ብሎ ያዘ። እሷ ሌላውን ኮርቻ ጎትታ አስደገፈች፣ ወጥታ ጭቃና ቅጠል ይዛ ተመለሰች፣ ገልም ከየት እንዳመጣችው እንጃ። ከዚያ ጭቃውን ጠቅለል አድርጋ «ብላ» አለችና ወደ አፉ ሰደደችው። ጎረሰው ይላሉ። እኔስ አላምንም፤ ግን አልምልም።

አክስትየው ምግብ ይዛ፣ አባትና ልጁን ሲፈልጉ ከነበሩት የቤቱ ሰዎች ጋር በሩ ላይ ደረሰች። አባትየው በዓይኑ ለመናት። ብልህ ሴት ናት፣ ገባት። ሌሎቹን በእጇ መለሰች፤ ሳህኑን ከገሉ ጎን አስቀምጣ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ለአባቷ አንድ የጭቃ ጉርሻ ሰጠችው፤ ለራሷ ከሳህኑ ጎረሰች። ደግማ ለእሱ ከገሉ፣ ለራሷ ከሳህኑ። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን እንዲያ አስተናገደችው።

በማግስቱ አክስትየው በቅሎዋን አስጭና ብቻዋን ሄደች።

እንግዲህ ወይንሸት፣ ቁጭ ብሎ ማየት ሥራ ነው ወይ ብለሽኛል። ነጋዴው ክፍል ሲያስቀባ፣ አናጢ ሲያስጠራ፣ ሴት ሲቀጥር እጁ ሥራ አልፈታም፤ ልጁን ግን ሊያጣት ነበር። ያገኛት እጁን ሰብስቦ በተቀመጠ ጊዜ ነው። አንቺ ዘንድ የሚውሉት ሕፃናትም እንደዚያች ልጅ ናቸው። ለሚያያቸው ትራስ ይከምራሉ፣ ውሃ ይገለብጣሉ፤ ለእነሱ ግን ቤት መሥራታቸው ነው፣ ኮርቻቸውን መጎተታቸው ነው። ቀድመሽ ካነሣሽላቸው ጉልበታቸውን ወሰድሽባቸው።

ግን አደራሽን፣ እጅ መሰብሰብ ማለት ስልክ እየነካኩ መዋል አይደለም። ዕቃ ቤቱ ባዶ ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ማንን «ያዝልኝ» ትል ነበር? ሲዞሩ የሚያገኙሽ ቦታ ላይ ሁኚ።

ወላጆቹንም አትከራከሪያቸው፤ በክርክር አይሆንም። ጥሪያቸውና እያንዳንዳቸውን ከልጃቸው አጠገብ ምንጣፉ ላይ አስቀምጫቸው። እንዳያርሙ፣ እንዳያቀብሉ፣ እንዳያስተካክሉ ንገሪያቸው። ልጁ ጫማውን ግራና ቀኙን አገላብጦ ለማድረግ ሲታገል እጃቸውን ይሰብስቡ። ከዚያ አንዱ ላቡን እየጠረገ ሲነሣ፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄንን ቀኑን ሙሉ እንዴት ትችዪዋለሽ?» ይልሻል።