ተቀባይ ያጣ ትንፋሽ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ስሙ አንለይ ይባላል። በአንዲት ደጋ ከተማ ዋና መንገድ ላይ፣ ጥጋቡ ከሚባል ጸጉር አስተካካይ ጋር አንዲት ክፍል ተካፍሎ ይሠራል። መሃላቸው ግድግዳ የለም፤ መጋረጃ ነው ያለው። ከመጋረጃው በላይ በተመታ መደርደሪያ ላይ አንድ ቴፕ ተቀምጧል፤ ለሁለቱም እኩል እንዲሰማ ተብሎ ነው። ጠዋት የአንለይ ካሴት ይገባል፤ ሳክስፎን። ከምሳ በኋላ የጥጋቡ ተራ ነው፤ ጊታር። አንዱ በሌላው ካሴት ላይ ሲያፌዝ፣ ሌላው መልስ ሲሰጥ፣ ደንበኛውም በመሃል ሲስቅ፣ ሁለቱ ሰዎች እንዲህ ሆነው ጎልማሳነታቸውን ጨረሱ።

አንለይ የሚወደው ሳክስፎን ነፊ በጃዝ ስሙ የተጠራ፣ አሁን ግን ያረጀ ሰው ነው። የጥጋቡ ጊታሪስት ሮክ ተጫዋች ነው፤ አንዴ ክሩን ሲመታው የአዳራሽ መስኮት ያንቀጠቅጣል ይባልለታል። አንለይ ሽማግሌውን በአካል አይቶት አያውቅም። ቢሆንም ትንፋሹን የት እንደሚስብ፣ የት እንደሚያቆየው፣ የት እንደሚለቀው፣ የገዛ ወንድሙን ሳል የሚለየውን ያህል ለይቶ ያውቃል። የስፌት መኪናውን ሲረግጥ እንኳ እግሩ የሚሄደው በዚያ ትንፋሽ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ሬዲዮ ያልታሰበ ወሬ ይዞ መጣ። ከአራት ታላላቅ ባንዶች አራት ዋና ዋና ተጫዋቾች ተውጣጥተው አንድ ባንድ መሥርተዋል። ሳክስፎን፣ ጊታር፣ ኦርጋንና ድራም። ጃዝና ሮክ አንድ ላይ። በየከተማው እየዞሩ ያሳያሉ፤ እዚህም ይመጣሉ። ሽማግሌው ራሱ በሬዲዮ ተናገረ፤ «ሐኪም ከልክሎኛል። ይህን ዙር ነፍቼ ሳክስፎኔን አስቀምጣለሁ» አለ።

ጥጋቡ ፊቱ ላይ ሳሙና የተቀባውን ደንበኛ ጥሎ መጋረጃውን ገለጠ።

«አንተ! ያንተውና የኔው! በአንድ መድረክ!»

«ልሞት ነው ጥጋቡ! ያዘኝ!»

ተቃቀፉ። ምላጩ የጥጋቡ እጅ ላይ፣ ሜትሩ የአንለይ አንገት ላይ እንደሆነ እየተሽከረከሩ ወደ መንገድ ወጡ። ባለሳሙናውም ወጥቶ አጨበጨበላቸው። ከተማው በሙሉ በአንድ ጠዋት ያበደ መሰለ። ካሴት የሚሸጠው ድምፅ ማጉያውን በር ላይ አወጣ፤ ወያላው ከመኪናው ላይ እየተንጠለጠለ የባንዱን ዜና ነገረ፤ የማይተዋወቁ ሰዎች መንገድ ላይ እየተያዩ ሳቁ።

ደስታው እንደዚያ ሆኖ ቢቆይ ጥሩ ነበር። ነገር ግን የሰው ልጅ ደስ ሲለው ዝም ብሎ ደስ አይለውም፤ ለደስታው ባለቤት ይፈልግለታል። በማግስቱ ጥያቄ ተነሣ። ባንዱን የሚመራው ማን ነው?

«ጥያቄም የለው፤ ጃዝ ነው» አለ አንለይ፣ ኮት እየተኮሰ። «ሮኩ ጣል የተደረገበት ሚጥሚጣ ነው።»

«ሚጥሚጣ?» አለ ጥጋቡ ከመጋረጃው ማዶ። «ወንድሜ፣ ሮኩ ሥጋው ነው። ያንተ ጃዝ ስቴኪኒው ነው፤ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ነው የሚቀርበው።»

ደንበኞች ሳቁ። ሳቁ ሁለቱንም አሰከራቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቋ ሸንጎ ሆነች። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ተከራክሮ ይሄዳል፤ ጺሙን ሊላጭ የመጣው ሳይላጭ አምሽቶ ይከራከራል። የኦርጋን ወገን ተፈጠረ፤ የድራም ወገንም ተፈጠረ። ስለ ባንዱ አሠራር፣ ስለ መጀመሪያው ዜማ፣ ማን ማንን እንደሚያጅብ የማይናገር አልነበረም። አንድም ሰው ግን ሙዚቃውን አልሰማም። ሰው ያላነበበውን መጽሐፍ ሲተች፣ ያልሰማውን ዜማ ሲበይን የሚኖረውን ልበ ሙሉነት በሌላ ነገር ላይ አታገኙትም።

ፖስተሩ የመጣ ዕለት አንለይ ጸጉሩን እየተስተካከለ ነበር። ጥጋቡ ፖስተሩን መስተዋቱ ላይ ለጠፈውና መቁረጥ ቀጠለ። የሽማግሌው ስም ከላይ ተጽፏል። የጊታሪስቱ ፎቶ ደግሞ ከሁሉም ይተልቃል።

«አየህ?» አለ አንለይ። «ስሙ ከላይ ነው።»

«ፎቶውን እየው እንጂ። የሽማግሌህ ፊት የመታወቂያ ፎቶ ነው የሚያክለው።»

«ስም ነው ዋናው።»

«እሱማ ለይሉኝታ ነው ከላይ የጻፉት። ሽማግሌ አይደል? የጡረታ ስጦታ ነው።»

አንለይ መቀስ ጭንቅላቱ ላይ እንዳለ ተነሣ። «እስቲ ድገመው!»

«የጡረታ ስጦታ!»

አንለይ ፎጣውን ከአንገቱ ገፎ ጣለ። የራሱ ቀኝ ወገን ተቆርጧል፤ ግራው እንዳለ ነው።

«ና ተቀመጥ፤ ግማሹ ቀርቷል» አለ ጥጋቡ፣ ትንሽ ደንገጥ ብሎ።

«ግማሹ ይቅር!» አለና መጋረጃውን አልፎ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ አንለይ ባርኔጣ አጠለቀ። ሌላ ጸጉር ቤት እንዳይሄድ፣ የዚያኛው ባለቤት የድራም ወገን ነው። «ጭንቅላቴን ለድራም መቺ ደጋፊ አልሰጥም» ብሎ ማለ። ጥጋቡም በበኩሉ ለመጣ ሁሉ «ያ ግማሽ ራስ» እያለ አወራ። ቴፑን የሚነካው ጠፋ። ጠዋትም ሳክስፎን የለም፤ ከሰዓትም ጊታር የለም። መደርደሪያው ላይ አቧራ ተቀመጠ። በዚያች ክፍል ሙዚቃ የጠፋው ስለ ሙዚቃ በመከራከር ነው።

አንለይ ግን ቀኑን በጉጉት ይጠብቅ ነበር። ማታ ሲተኛ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ያንን ትንፋሽ በካሴት ሳይሆን ከሰውየው አፍ ሲወጣ መስማት። ሌላ ዕድል እንደሌለው ያውቃል። ሐኪም ከልክሏል፤ ይህ ዙር ካለፈ አለፈ። ጥጋቡን ለማሳፈርም አንድ ነገር ያዘጋጅ ነበር። ግጥም።

የዚህን ከተማ ልማድ ለማያውቅ ልንገር። በዚያ አገር ሙዚቃ ማለት ከጥንት ጀምሮ አዝማሪ ቤት ነው። እንግዳው ግጥም መስጠት ሲፈልግ እጁን ያነሣል። አዝማሪው ግጥሙን እንዲሰማ የመሰንቆውን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ሁለት ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። ስለዚህ መሰንቆ ዝቅ አለ ማለት ተራው የእንግዳው ነው ማለት ነው። ይህን በከተማው የማያውቅ የለም። ከዋናው ከተማ የመጡት አራቱ ሰዎች ግን እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አልሰሙም።

ቀኑ ደረሰ። እሑድ ከሰዓት በኋላ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ጢም አለ። የሳክስፎን ወገን በቀኝ፣ የጊታር ወገን በግራ ተቀመጠ፤ ማንም ሳያዛቸው ነው። የኦርጋንና የድራም ወገኖች ከኋላ ሆነው ሁለቱንም ይሳደባሉ። አንለይ ባርኔጣውን እንዳደረገ ከፊት ወንበር ያዘ። ከመተላለፊያው ማዶ ጥጋቡ ተቀምጧል፤ አላየሁህም ብሎ ጣራ ጣራውን ያያል።

መብራቱ ጠፍቶ መድረኩ በራ። ድራሙ ጀመረ። ቀስ ብሎ አልነበረም፤ ደረት ላይ እንደሚንኳኳ በር ነበር። ኦርጋኑ ከሥሩ ገባ። ከዚያ ጊታሩና ሳክስፎኑ አንድ ዜማ ይዘው እኩል ተነሡ፤ አንዱ እየጮኸ፣ አንዱ እየተናገረ፤ ሲለያዩ ሲገናኙ፣ ሲሸሹ ሲደርሱ። የአንለይ ጸጉር ቆመ፤ የተቆረጠውም ያልተቆረጠውም። ይህ ጃዝ ነው? ሮክ ነው? ጥያቄው ራሱ ከሐሳቡ ጠፋ። ዞር ሲል ጥጋቡን አየው። አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ጥጋቡም አየው። ለአንድ አፍታ ሁለቱም እንደ ልጅ ሳቁ።

በዚህ መሃል ሽማግሌው ወደ መድረኩ ጠርዝ መጣ። ጊታሪስቱ እጁን ከክሩ ላይ አነሣ። ድራሙ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። ሳክስፎኑ ብቻውን ቀረ፤ ዝቅ አለ፤ ከታች፣ ከሆድ፣ በጣም በለሆሳስ መጣ። አንለይ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ይህ ነበር።

አዳራሹ ግን ሌላ ነገር ሰማ። መሰንቆው ዝቅ አለ!

የአንለይም ጆሮ የዚያ ከተማ ጆሮ ነው። ከማሰቡ በፊት እጁ ተነሣ፤ እግሩ ቆመ፤ አፉ ተከፈተ።

«ተቀበል!» አለ።

«ነፍስ ያለበት ዜማ ከትንፋሽ ሲወጣ፣
ሽቦ ለሚወደው የልብስ ማስጫ ይምጣ!»

የቀኙ ወገን አዳራሹን በእልልታ አናወጠው። ጥጋቡ ወንበር ላይ ወጣ።

«አንተ ግማሽ ራስ፣ ተቀበል!

ጊታር ሲናገር ነው አዳራሽ የሚግል፣
መንፋት ያማረውማ ይንፋ ሄዶ ከሰል!»

የግራው ወገን ወንበር ደበደበ። ከኋላ የድራሙ ወገን «ተቀበል!» አለ። የኦርጋኑም «ተቀበል!» አለ። ሽማግሌው ግር ብሎት ሕዝቡን አየ። ዝም እንዲሉለት ብሎ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገው። እነሱም ለእኛ ብሎ ነው ብለው ይበልጥ ጮኹ። እሱ ዝቅ ባለ ቁጥር እነሱ ከፍ አሉ። ጨዋ ሰው በጩኸት መሃል እንዲሰሙት የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ጯሂም የሚረዳው እንዲሁ ነው።

አንለይ ሁለተኛውን ግጥም ሰጥቶ ለሦስተኛው ትንፋሽ ሊስብ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ሽማግሌውን አየው። ዓይኑን ጨፍኗል። ጉንጩ ይሞላል፣ ይጎድላል። ጣቶቹ ይሄዳሉ። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። አንድም ድምፅ አንለይ ዘንድ አይደርስም። ሰውየው ትንፋሹን የት እንደሚስብ ያያል፤ የት እንደሚያቆየው ያያል፤ መስማት ግን አልቻለም።

«ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸ። «እባካችሁ ዝም በሉ!»

«መጀመሪያ ‹ተቀበል› በል እንጂ!» አለው አንድ የራሱ ወገን፣ እየሳቀ።

ሽማግሌው ሳክስፎኑን ከአፉ አወረደ። እጅ ነሣ። አፉን፣ ከዚያም የሳክስፎኑን አፍ በመሐረብ ጠረገ። ሣጥኑን ከፍቶ አስተኛውና ዘጋው። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ በዚያ ከተማ እንደዚያ ተጨብጭቦ አያውቅም ይባላል። የቀሩት ሦስቱ አንድ የሚያናጋ ዜማ ተጫውተው ዘጉ፤ አውቶቡሳቸውም ገና ሳይመሽ ወደሚቀጥለው ከተማ ነጎደ።

አንለይና ጥጋቡ በሩ ላይ ተገናኙ። ሰው እየገፋፋ አንድ ላይ አወጣቸው። ጥጋቡ ገና እያለከለከ ነው፤ ፊቱ በደስታ በርቷል።

«በል እንኳን ደስ ያለህ» አለ። «እውነቱን እንነጋገር፤ ሽማግሌህ ጉድ ሠራ።»

«ምን ሠራ?» አለው አንለይ።

ጥጋቡ ሊመልስ አፉን ከፈተ። አሰበ። «ነፋ» አለ።

«ምን ነፋ?»

የጥጋቡ ፊት ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ጠፋ።

«አልሰማሁትም» አለ።

«እኔም አልሰማሁትም» አለ አንለይ።

ፖስተሩ ከተለጠፈ ወዲህ ሁለቱ ሰዎች የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

በዚያ ከተማ እስከ ዛሬ ድረስ ክርክር አለ፤ በዚያ እሑድ የማን ግጥም በለጠ ይባባላሉ። ሽማግሌው የነፋውን ግን የሚነግራችሁ የለም።

የታሪኩ ቁም ነገር ይህ ነው። ከምንወደው ነገር የሚያርቀን ጠላቱ የሆነ ሰው አይደለም፤ የሚያርቀን የእሱ ወገን ነን ብለን የምንጮኸው እኛው ነን። «ተቀበል» ማለት ቀላል ቃል ነው። የሚከብደው መቀበል ነው፤ ለመቀበል አፍ መዘጋት አለበትና። አንለይ ጠላት አልነበረም። ከአዳራሹ ሁሉ አብልጦ የወደደው እሱ ነው፤ መጀመሪያ የጮኸውም እሱ ነው።

ይህን ያነበባችሁ ለሌላ ከመንገራችሁ በፊት ቤታችሁ ያለውን ሰው አስቡ። ያ የምትወዱት ሰው ሰሞኑን ድምፁን ዝቅ ያደረገው እናንተ እንድትናገሩ ነው፣ ወይስ እንድትሰሙት?