ለሰኞ የደረሰው ቤተ ሙከራ

ዶክተር ልሳነወርቅ የሚባሉ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከሚኒስቴር እንግዶች ሊመጡ መሆኑን ሲሰሙ የበታቾቻቸውን ሰብስበው፣ «ያ የተጓተተ ቤተ ሙከራ ለሰኞ ይድረስ! እንዴት እንደሚደርስ አልጠይቅም፤ እናንተም አትንገሩኝ!» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ደርሶ ተገኘ። ፕሬዚዳንቱ ነጩን ግድግዳና የሚያብረቀርቀውን ቧንቧ ለእንግዶቹ ሲያስጎበኙ፣ ራሳቸውም በማማሩ ተደነቁ። ከዚያ ደረታቸውን ነፍተው ወደ ቴአትር ክፍል አለፉ። እዚያ አንድ መልስ የማይቸግረው መምህር የመድረክ ግንባታ ያስተምራል።

«ይኸውላችሁ» አሉ ፕሬዚዳንቱ፣ «የጨርቅ ግድግዳ፣ የካርቶን ምሰሶ! በመንግሥት በጀት ውሸት መሥራት ይማሩበታል። አንተ፣ ይህን ትምህርት ነገ ብዘጋው ዩኒቨርሲቲው ምን ይጎድልበታል? እስቲ እንግዶቹ ፊት ተናገር!»

መምህሩ ብሩሹን አስቀምጦ እጅ ነሳ።

«ምንም አይጎድልበትም፣ ክቡርነትዎ። ቤተ ሙከራው ብቻ ነው የሚጎድለው፤ እሱንም ለቅዳሜው ትርኢት ስለምንፈልገው ነቅለን እንወስደዋለን።» ከዚያ ወደ አንዱ እንግዳ ዞረ። «እርስዎ ግን ጌታዬ፣ ኮትዎን አንዴ ያውልቁልኝ። እጅጌው ላይ የነካዎት ቀለማችን ሳይደርቅ በነጭ ጋዝ ይለቃል።»